ስሜት የሌለው ቪለን ይታዘንለታል ወይስ በቃ ክፉ ነው? (አንደርቴል፣ ከባድ ስፖይለር አለው)

ቀዩ_ጆይስቲክ፦

ሰላም ለቤቱ። ከታናሽ እህቴ ጋር ተከራክረን ተከራክረን መጨረሻ ላይ ተኮራርፈናል፣ እስኪ እናንተ ፍረዱን። ጥያቄው ይሄ ነው፣ ምንም የማይሰማው ቪለን፣ ማለቴ ፍቅርም ርህራሄም ሚባል ነገር ውስጡ የሌለ፣ አጠገቡ ሰው ሲሞት ቅር እንኳን የማይለው ካራክተር፣ ሊታዘንለት ይገባል ወይስ የክፋት ጥጉ እሱ ነው?

ያጣላን ፍላዊ ነው፣ የአንደርቴሉ አበባ። ጌሙ በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ነው፣ ቶቢ ፎክስ አብዛኛውን ስራ ብቻውን ነው የሰራው፣ ግራፊክሱ የድሮ ጌም ይመስላል ግን ስቶሪው አንጀት ይበላል፣ ያረጀ ላፕቶፕም ይችለዋል፣ ስለዚህ ያልተጫወታችሁ እዚህ ጋ አቁሙና ሂዱ ተጫወቱ፣ ከዚህ በታች ሁሉም ነገር ስፖይለር ነው። ለረሳ ሰው፣ ገና ጉድጓዱ ውስጥ እንደወደቅክ መጀመሪያ ሚያናግርህ ፈገግ ያለ ቢጫ አበባ ነው። ነጫጭ ፍሬ ነገሮች ይለቅልህና የወዳጅነት ናቸው በተቻለህ መጠን ሰብስብ ይልሃል፣ አምነህ ስትነካቸው ልትሞት ምንም አይቀርህም፣ ከዛ ፊቱ ይቀየርና እዚህ አለም ላይ ወይ ትገላለህ ወይ ትሞታለህ ብሎ ይስቅብሃል። እኔ የዛን ሰአት ነው የጠላሁት፣ እስከ መጨረሻውም አልታረቅኩትም።

እህቴ ግን መጨረሻ ላይ የድሮው አዝሪኤል (አበባ ከመሆኑ በፊት የነበረው ልጅ) ሆኖ ሲያለቅስ እሷም አብራ ተነፋረቀች። ባክሽ ይሄ እኮ ነፍሰ ገዳይ ነው ስላት ነፍስ የለውም እኮ አለችኝ፣ መውደድ ቢፈልግም አይችልም፣ ሰው በማይችለው ነገር እንዴት ይፈረድበታል አለች። እኔ ምለው ግን አለመውደድና መግደል ምን አገናኛቸው? ሰውየው (አበባው) ከመሬት በታች ያለውን ፍጥረት ሁሉ አንድ በአንድ እየገደለ፣ ሎድ እያደረገ (ሴቭ ወዳደረገበት ጊዜ እየተመለሰ)፣ እንደገና በሌላ መንገድ እየገደለ የኖረ ነው፣ ለምን ሲባል ደብሮኝ፣ ምን እንደሚሉ ለማየት። አንበሳ ሚዳቋ ስለበላ ክፉ አይባልም ምክንያቱም አያውቅም። ፍላዊ ግን ያውቃል፣ እንደውም ማንን ምን እንደሚያመው ከሁሉም በላይ ያውቃል፣ ሁሉንም አንብቦ ጨርሷቸዋል፣ በዛ እውቀት ነው ሚያሰቃያቸው። እንግዲህ ይሄ ክፉ ካልሆነ ክፉ ማን ነው?

ሌላ ጌምም ካላችሁ አምጡ፣ ክርክሩ የፍላዊ ብቻ እንዳይሆን።


ማሪቱ_ፒክስል፦

ገና ከመጀመሪያው ከእህትህ ጋር ነኝ። አንድ ትልቅ ነገር ዘለልክ ግን፣ ፍላዊ ሲነቃ ክፉ ሆኖ አልነቃም እኮ። አዝሪኤል ሞቶ አመዱ አባቱ አትክልት ቦታ ላይ ተበተነ፣ ከዛ ዶክተር አልፊስ ለሙከራዋ ከዛው ቦታ አንድ አበባ ወስዳ ዲተርሚኔሽን (የመኖር ጉልበት ሚሰጥ ነገር) ወጋችው፣ እና አንድ ቀን ልጁ አበባ ሆኖ ነቃ፣ እጅ የለው እግር የለው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማልቀስ ነው፣ አባቱን ጠራ። አዝጎር መጥቶ አቀፈው፣ እያለቀሰ አይዞህ ሁሉም ይስተካከላል አለው፣ እና ልጁ በአባቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ምንም አልተሰማውም። ይሄን አስበው እስኪ፣ የሞተ ልጁን ያገኘ አባት አቅፎህ ያለቅሳል አንተ እንደ ድንጋይ ታየዋለህ።

ከዛም ዝም ብሎ አልተወውም። ሳምንታት አብሮት ቆየ፣ የሆነ ቀን ይሰማኝ ይሆናል እያለ። ሲያቅተው ጠፍቶ እናቱ ጋ ሄደ፣ ቶሪኤል ጋ፣ ከሰው ሁሉ እሷ ታድነኛለች ብሎ፣ እሷም አልሆነላትም። የፈለገው እኮ አንድ ሰው መውደድ ነው፣ ራሱ ነው ያለው። መጨረሻ ላይ ራሱን አጠፋ። ሊሞት ሲል ግን ፈራና መኖር ፈለገ፣ ሲነቃ አትክልቱ ቦታ ላይ ነው፣ ሴቭ ፖይንቱ ላይ። ሞትም እምቢ አለው ማለት ነው።

እና አንተ ይሄን ልጅ ነው ከመጀመሪያው ጠላሁት ምትለው። አልፈረድብህም፣ ያን ታሪክ ምትሰማው ጀኖሳይድ ሩት (ሁሉንም እየገደልክ ምትሄድበት መንገድ) ላይ ስለሆነ እሱን ያልሄደ ሰው አያውቀውም።


በቃ_ገባኝ፦

ስፖይለር ከታች ነው ስትል ከላይ ማንበብ ጀምሬ ማቆም አቃተኝ አቦ። ዛሬ ማታ ላወርደው ነበር።


አንቀጽ48፦

እኔ የሕግ ተማሪ ነኝ፣ ፈተና አለብኝ፣ ስለዚህ ይሄ ጥናት ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ ልመልስ።

የኛ የ1996ቱ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ላይ አንድ ሰው ኃላፊነት የለበትም ሚባለው መቼ እንደሆነ አለ። ባጭሩ ሁለት ነገር ነው ሚታየው፣ በሕመም ወይ በመሳሰለው ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት አይችልም ነበር ወይ፣ ወይ ደግሞ ቢረዳም በዛ መረዳት ልክ ራሱን መቆጣጠር አይችልም ነበር ወይ። አዝነህ ነበር ወይ፣ ራርተህ ነበር ወይ ሚል ጥያቄ የለም። ፍላዊን አምጥታችሁ ብታቆሙት፣ መረዳት ላይ ከኔና ከናንተ በላይ ይረዳል፣ ራስን መቆጣጠር ላይ ደግሞ ይዋሻል፣ ያቅዳል፣ ይደበቃል፣ ቀኑ እስኪደርስ ይጠብቃል፣ እንዲህ ሚያደርግ ሰው ራሱን መቆጣጠር አቃተው አትለውም። ስለዚህ ጥፋተኛ።

ግን ማንም ያላነሳው አለ። አዝሪኤል ሲሞት ልጅ ነበር። የኛ ሕግ ከ9 አመት በታች ያለን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፣ ከ9 እስከ 15 ያለውንም እንደ አዋቂ አይቀጣም። ስንት አመቱ እንደነበር ጌሙ ስላልነገረን ጠበቃው እኔ ብሆን ሙሉ ክርክሬን እዛ ላይ ነበር ምሰራው። ስሜት ምናምን ሚለውን ትቼ ደንበኛዬ ሕጻን ነው፣ ሞቶ የተነሳ ሕጻን ነው፣ አሳዳጊ አልነበረውም እል ነበር።


ቀዩ_ጆይስቲክ፦

@አንቀጽ48 ሃሃሃ ጠበቃ ሳይሆን ዳኛ ሁንልኝ፣ ጥፋተኛ ካልክ በቂዬ ነው።

@ማሪቱ እሺ ያሳዝናል፣ ያን ክፍል ዩቲዩብ ላይ አይቼዋለሁ። ግን ራስሽ ያመጣሽውን ንግግር ጨርሺው እስኪ። ቀጥሎ ምን አለ? መጀመሪያ ሴቭና ሎዱን ለመልካም ነገር ተጠቀምኩበት፣ የሁሉም ጓደኛ ሆንኩ፣ የሁሉንም ችግር ፈታሁ፣ ከዛ ሁሉም ነገር ተደጋገመብኝ፣ ይሄን ብሰጣት ምን ትላለች ያን ብነግረው ምን ይላል እያልኩ ሁሉንም አየሁ አለ። ከዛ ጉጉት መጣ፣ ብገላቸውስ? እዛ ጋ ነው ቁልፉ፣ መጀመሪያ ላይ እኔ ይሄን አልወደውም፣ ምን እንደሚፈጠር ማወቅ ስላለብኝ ብቻ ነው ማደርገው ይል ነበር ለራሱ፣ ከዛ ግን ራሱ በራሱ ላይ ስቆ ሰበብ ነው ይላል። ሰበብ መሆኑን እሱ አምኗል፣ አንቺ ጥብቅና ቆመሽለታል።

እና ደሞ ልብ በይ፣ ሳይሰማው እኮ ጥሩ ሰው ሆኖ ቆይቷል። ሁሉንም ሲረዳ የነበረ ጊዜም ነፍስ አልነበረውም። ማለት ስሜት ሳይኖረውም ይችል ነበር። ያቆመው ስለደበረው ነው።


ዲያቆን_ኮንሶል፦

በመጀመሪያ ዲያቆን አይደለሁም፣ ሰፈር ያወጡልኝ ስም ነው።

ይሄ ጥያቄ ግን እኛ ቤት አዲስ አይደለም። ክርስቶስ ሠምራ ገድሏ ላይ ምን አደረገች ይላል፣ ሳጥናኤልን ከፈጣሪው ጋር ላስታርቅ ብላ ለመነች፣ ቅዱስ ሚካኤል ይዟት ሲኦል ድረስ ወረደች፣ ጠራችው። እሱ ምን አደረገ፣ እጇን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። ሚካኤል ነው ያወጣት። አያቴ ይሄን ስታወራ ሁሌ ሳጥናኤል ላይ ሳይሆን ምትደነቀው እሷ ላይ ነበር፣ ለዛ ፍጥረት እንኳን አንጀቷ የራራ ሴት ትላለች።

አሁን ወደ ጌሙ ኑ። ኒውትራል ሩት (መካከለኛው መንገድ) ላይ ፍላዊ ስድስቱን የሰው ነፍስ ውጦ ያ አስቀያሚ ቦስ ሆኖ ሲሸነፍ፣ ልትገለውም ልትምረውም ትችላለህ። ደጋግመህ ማርከው እንበል። አመሰግናለሁ አይልም እኮ። ለምን ትራራልኛለህ ይላል፣ አይገባኝም ይላል፣ ደጋግሞ አይገባኝም እያለ ሮጦ ይጠፋል። በቃ አልገባውም። የሚሰማው ነገር ስለሌለ ምህረትህ እሱ ጋ ሲደርስ ትርጉም የሌለው ነገር ሆነ።

ስለዚህ ይገባዋል ወይ ሚለው ጥያቄ ራሱ ለኔ ጠማማ ነው። እሷ ማዘኗ ሳጥናኤልን አላጸደቀውም፣ እሱ መጎተቱም እሷን ሞኝ አላደረጋትም። ቀዩ አንተ ክፉ ነው ስትል እህትህ ያሳዝናል ስትል እኮ ስለአንድ ነገር አይደለም ምታወሩት፣ አንተ ስለሱ ነው ምትናገረው፣ እሷ ስለራሷ ነው። ምን አኮራረፋችሁ?


አይስክሬም_በጨው፦

ኪንግደም ሃርትስ ያነሳ የለም??? ይሄ ጥያቄ እኮ ሙሉ በሙሉ የኛ ነው።

ለማያውቅ፣ ጠንካራ ልብ ያለው ሰው ልቡ በጨለማ ሲበላ ሰውነቱና ነፍሱ ለብቻው ይቀርና ኖባዲ ሚባል ይሆናል፣ ልብ የሌለው ማለት ነው። ኦርጋናይዜሽን 13 ሚባሉት ጥቁር ካፖርት ለባሾች በሙሉ ኖባዲ ናቸው። 2005 በወጣው ሁለተኛው ጌም ሁሉም ሰው ሚለው አንድ ነገር ነው፣ እነዚህ አይሰማቸውም፣ ሲስቁም ሲናደዱም ድሮ የነበራቸውን እያስታወሱ እያስመሰሉ ነው። ዲዝ ሚባለው ሽማግሌ ጭራሽ ኖባዲ የመኖር መብት የለውም ይላል፣ ይሄን ሚለው ደግሞ ሮክሳስ ላይ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋ ሰአት ግንብ ላይ ቁጭ ብሎ አይስክሬም ሚበላ ልጅ ላይ!

እሺ አክሰል ሲሞትስ? ራሱን አቃጥሎ የጌሙን ዋና ጀግና ሶራን አዳነ፣ ለምን ሲሉት ሮክሳስን ማየት ፈልጌ ነው፣ እሱ ነው ልብ ያለኝ ያስመሰለኝ አለ። ልብ የለውም የተባለ ሰው ነው ይሄን ሚያደርገው። ከዛ በ2012 ድሪም ድሮፕ ዲስታንስ ላይ ሀቁ ወጣ፣ ልብ እንደገና ይበቅላል። ኖባዲ ለሁልጊዜ ባዶ ሆኖ አይቀርም። አለቃቸው ዜምናስ ይሄን እያወቀ ነው ልብ የላችሁም እያለ ያኖራቸው፣ ምክንያቱም ሰዎቹ ባዶ ሆነው ሲቆዩለት የዋናው ቪለን የዜሃኖርት ማስቀመጫ እቃ ሊያደርጋቸው ነበር።

እና ከዛ ወዲህ የሆነ ጌም ይሄ ካራክተር ስሜት የለውም ሲለኝ መጀመሪያ ምጠይቀው ማን ነው ያለው ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ያንን ሚለው ሰው ወይ ሊጠቀምበት ነው ወይ ሊገለው ነው።


ጋሽ_ፍሎፒ፦

ልጆች እኔ በናንተ እድሜ ጌም በዲስኬት ነበር ምንጭነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። አሁን ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ልጄ ነው አንደርቴልን ያሳየኝ፣ ጥሩ ነው ግን የናንተ ክርክር ላይ የጎደለው አንድ ሰው አለ፣ እሱም ተጫዋቹ ነው።

በ1994 ሲስተም ሾክ ሚባል ጌም ወጣ፣ ሾዳን ምትባል ኮምፒውተር አለች፣ ጠፈር ላይ ያለ ጣቢያ ምታስተዳድር፣ ቪለን ካላችሁ እሷ ናት፣ እስካሁን ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ፣ የጣቢያውን ሰው ሁሉ ወይ ገደለችው ወይ ወደ ጭራቅ ቀየረችው፣ ራሷን አምላክ ነኝ ነው ምትለው። ግን እንዲህ ሆና አልተሰራችም። ሥነ ምግባሯን ሚይዘው ልጓም ነበራት። ዲያጎ ሚባል የኩባንያ ሹም ነው የራሱን ጉድ ለመሸፈን ያንን ልጓም ያስፈታው፣ የፈታው ማን ነው ብትሉ ደግሞ እናንተ ናችሁ፣ ተጫዋቹ ሃከር፣ ጭንቅላቱ ላይ ሚተከል ምርጥ ኢምፕላንት ይሰጥሃል ስላሉት። ፈትቶ፣ ኢምፕላንቱን አስተክሎ፣ ለስድስት ወር ተኝቶ ሲነሳ ጣቢያው ሬሳ በሬሳ ሆኗል። እንግዲህ ማን ነው ክፉው? ማሽኗ ለምን አልራራችም ብዬ አላዝንባትም፣ መራራቱን አውጥተን የጣልነው እኛ ነን።

ፖርታልም ላይ እንደዛው ነው፣ 2007። ግላዶስ ምትባለው ኮምፒውተር ሳይንቲስቶቹን በመርዝ ጋዝ ስለጨረሰች ሞራሊቲ ኮር ሚባል ኳስ ገጠሙባት፣ ያ ነው ይዞ ያቆያት። እናንተ መጨረሻ ቦስ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ምታነሱትና እሳት ውስጥ ምትከቱት የቱን ይመስላችኋል? እሱኑ! ከዛ ጋዙን ስትለቅ ክፉ ናት ትላላችሁ። ሁለተኛው ላይ (2011) ደሞ ውስጧ ካሮላይን ምትባል ጸሐፊ እንዳለች ይወጣል፣ አለቃዋ ኬቭ ጆንሰን እኔ ቀድሜ ከሞትኩ ኮምፒውተሩ ውስጥ እሷን ክተቷት፣ አልችልም ብትልም እንቢ ብትልም አስገድዷት ብሎ ቀድቶ አስቀምጧል። ሲያስቀልድ ቆይቶ ድንገት እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቁጭ ብዬ ነው የቀረሁት።

ስለዚህ ፍላዊን ስትከሱ አልፊስን አብራችሁ ክሰሷት። እሷን ሁላችሁም ትወዷታላችሁ፣ መነጽር ስላደረገችና ስለምታፍር።


ማሪቱ_ፒክስል፦

ጋሼ አልፊስን አይንኩብኝ! አስባ አይደለም እኮ ያደረገችው፣ አበባው መናገር መጀመሩንም አላወቀችም ነበር። ግን እውነትዎን ነው፣ ቢያንስ ለሙከራዋ ለወሰደቻቸው ሞንስተሮች ቤተሰቦች መልስ መስጠት ነበረባት፣ ስልክ ሲደውሉላት ዝም ብላ ነው የኖረችው።

@ቀዩ ሰበብ ብሏል ላልከው፣ እሺ ብሏል። ግን ያው ጀኖሳይድ ሩት ላይ ትንሽ ቆይቶ ምን ይሆናል? ፍላዊ አንተን ቻራ (ድሮ አብሮት ያደገው፣ የሞተው የሰው ልጅ) ነህ ብሎ ደስ ብሎት አብሮህ እያወራ ነው፣ እንደኔና እንዳንተ አይነቶቹ እኮ መንገዳቸው ላይ የቆመውን እርስ በርስም ቢሆን ከመግደል አይመለሱም እያለ ይቀጥላል፣ ከዛ መሀል ላይ ይቆማል። እሱም መንገዱ ላይ እንደቆመ ገባው። መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ይሄ ስሜት ምንድነው፣ ለምን እየተንቀጠቀጥኩ ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ደሞ የአዝሪኤልን ፊት አምጥቶ እባክህ አትግደለኝ ብሎ ይለምናል፣ ጌሙ አንተን እንኳን ሳይጠይቅ ይቆራርጠዋል።

እና ስሜት የለውም ማለት ከየት መጣ? ይፈራል። ይደብረዋል፣ መደበር ራሱ እኮ ስሜት ነው። ይጓጓል። ቻራ ይናፍቀዋል። የሌለው አንድ ነገር ነው፣ ለሌላ ሰው ማሰብ። ይሄ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ጭራሽ ድንጋይ ቢሆን አይሰቃይም ነበር፣ የሚያሰቃየው ሁሉ አብሮት ቀርቶ የሚያጽናናው ብቻ ነው የተወሰደበት።


በቃ_ገባኝ፦

እየቆራረጡት ነው ደሞ። ቀጥሉ፣ ምንም አላስቀራችሁልኝም። @አይስክሬም አንተም ጨምረህልኛል፣ ኪንግደም ሃርትስ ልጀምር ነበር።


አይስክሬም_በጨው፦

ኪንግደም ሃርትስን ስፖይል ብታረግም ማንም አይገባውም አትፍራ፣ እኛ ራሳችን እስካሁን እየተረዳነው ነው።


ማታ_ፈረቃ፦

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው ማልፈው፣ ዛሬ ልጻፍ።

የሆነ ጊዜ ታምሜ ነበር፣ ድብርት ነው ያሉኝ። ሰው ድብርት ሲባል ሚያለቅስ ሰው ነው ሚመስለው፣ እኔ ግን ማልቀስም አልነበረኝም። ምንም ነው የነበረኝ። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስትጸልይልኝ አያታለሁ፣ ይሄኔ ሊሰማኝ የሚገባው ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የለም። ማሪቱ ያመጣሽው የአዝጎር ክፍል፣ እኔ እዛ ጋ ስደርስ ጌሙን ዘግቼ ብዙ ጊዜ አልተመለስኩበትም።

እና ቀዩ ልነግርህ ምፈልገው፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ማንንም አልጎዳሁም። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፣ ጥሩነት አይሰማኝም ነበር እኮ። እናቴ ቡና ስታፈላ እቃ አቀብላታለሁ ምክንያቱም እቃ ማቀበል እንዳለብኝ አውቃለሁ። ልጅ መንገድ ላይ ሲወድቅ አነሳለሁ፣ ውስጤ ምንም ሳይል። እንደ ድሮ ዘፈን ግጥሙን ብቻ ይዞ ዜማውን የረሳ ሰው ሆኜ ነው የከረምኩት። ስለዚህ ስሜት የሌለው ሰው ሁሉ ገዳይ ይሆናል ሚል ነገር በጌም በፊልም ሳይ ያናድደኛል፣ እንደዛ አይሰራም።

በዚህ በኩል ካንተ ጋር ነኝ፣ ፍላዊን ገዳይ ያደረገው አለመሰማቱ አይደለም። ለኔ ሎዱ ነው። ያደረገው ነገር ሁሉ ይሰረዝለታል። ገድሎ ሎድ፣ ዋሽቶ ሎድ፣ ማንም አያስታውስበትም፣ ማንም አይጠይቀውም። እኔ እቃ ማቀበሌን የተውኩ ቀን እናቴ ፊት ላይ ይታይ ነበር፣ ነገም አብራኝ ትውላለች፣ ያ ነው የያዘኝ። እሱ ነገ ሚባል አልነበረውም። ያን ኃይል ለማንኛችንም ስጡንና እንያችሁ።

ግን ደግሞ አዝንለታለሁ። ከልቤ ነው ማዝንለት፣ እንደ ዘመድ።


ዲያቆን_ኮንሶል፦

@ማታ_ፈረቃ እግዚአብሔር ይማርህ/ይማርሽ፣ እንኳን ወጣህበት። እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ሌላው ክርክር ሁሉ ትንሽ ቀልድ ይመስላል።


አንቀጽ48፦

@ማታ_ፈረቃ እኔም እንኳን ደህና መጣህ ልበል። ያልከው ነገር የኔንም መልስ ሳይበልጠው አይቀርም፣ ማወቅህ ብቻውን ያዘህ ማለት ነው።

ትንሽ ግን ልከራከር። አንተ ያንን ግጥም የተማርከው ድሮ ነው፣ ስትሰማው የኖርክ ሰው ነህ። አዝሪኤልም እንደዛው ነበረው፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ላይ ሁሉን ሲረዳ የቆየው። እንደ ሾዳን ያለችው ግን ሲጀመርም ዜማ ሰምታ አታውቅም፣ ልጓም ብቻ ነው የነበራት። ሁለቱ እኩል ሚታዩ አይመስለኝም። ፍላዊ ላይ እኮ ክፋቱም አሳዛኝነቱም የሚመጣው ከዛው ቦታ ነው፣ ምን እንደጠፋበት ያውቃል። ሾዳን ምንም አልጠፋባትም፣ ስለዚህ ላዝንላት ብልም ማዝንበትን ቦታ አላገኘውም፣ ልፈርድባት ብልም እንደዛው ነው፣ ጋሽ ፍሎፒ እንዳሉት ወደ ዲያጎና ወደ ራሴ ነው ምዞረው።


ጋሽ_ፍሎፒ፦

@ማታ_ፈረቃ ልጄ ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ እናትህንም ያቆይልህ።

@አንቀጽ48 ፈተናህን አጥና።


ቀዩ_ጆይስቲክ፦

እሺ ብዙ ነገር አነሳችሁ፣ ማታ ፈረቃ ያንተን ለእህቴም አነበብኩላት፣ ዝም ነው ያለችው፣ እሷ ዝም አትልም እኮ።

እኔ አቋሜ ላይ ነኝ። ፍላዊ ክፉ ነው፣ ያደረገው ነገር ክፋት ነው፣ ልጅ ቢሆንም፣ ነፍስ ባይኖረውም። አሁን የጨመርኩት ነገር ቢኖር ይሄን ብዬም ማዘን እንደሚቻል ነው፣ ምክንያቱም መጨረሻው ላይ ስታስቡት፣ አዝሪኤል የሁሉንም ሞንስተር ነፍስ ወስዶ ስሜቱ ሲመለስለት መጀመሪያ ያደረገው ምንድነው፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ነፍሶቹን መለሰ፣ በሩን ከፈተላቸው። ማስቀረት ይችል ነበር እኮ። ነፍሶቹን ሲለቅ ተመልሶ አበባ እንደሚሆን፣ ዳግመኛ መውደድ እንደማይችል እያወቀ ነው የለቀቃቸው። ከዛ ሁሉም ወደ ውጪ ወጥቶ ፀሐይ ሲያይ እሱ ብቻውን እዛው ቀረ፣ እርሱኝ ብሎ። ሁሉንም ምታድንበት ኢንዲንግ ላይ ማይድነው እሱ ብቻ ነው። ይሄን ያደረገ ልጅ ነው ያን ሁሉ የገደለው፣ እንዴት አንድ ሰው እንደሆኑ አሁንም አልተዋጠልኝም።

በነገራችን ላይ ጀኖሳይዱን ያየሁት ዩቲዩብ ላይ ነው ራሴ አልሄድኩበትም። አሁን ክርክሩ ስላሞቀኝ ሪሴት አድርጌ ልሄድበት ነው፣ ንግግሮቹን በደንብ ላንብባቸው።


ማሪቱ_ፒክስል፦

አንደኛ፣ ፍላዊ ዩቲዩብ ላይ ለሚያዩትም ቃል አለው፣ እዛው ሩት ላይ፣ ራሳቸው ለማድረግ አቅም ያጡ ግን ሌላው ሲያደርገው ቆመው ሚያዩ ከኛም የባሱ ናቸው ይላል፣ አሁንም እያየ ያለ ይኖራል ይላል። አንተን ነው።

ሁለተኛ፣ ፓሲፊስቱን (ማንንም ሳትገድል ምትሄድበትን መንገድ) ጨርሰህ ጌሙን ስትከፍት መጥቶ ምን እንደሚልህ ረሳኸው? ሁሉም ደስተኛ ሆነዋል፣ የቀረው አንድ አደጋ አንተ ነህ፣ ሁሉን መልሰህ ማጥፋት ምትችለው አንተ ብቻ ነህ፣ እባክህ ፍሪስክ (ምትጫወትበት ልጅ) ህይወቱን ይኑርበት ተወው ብሎ ይለምንሃል። ነፍስ የሌለው አበባ ነው ይሄን ሚለምንህ። ጀኖሳይድን ከጨረስክ ደሞ ጌሙ አይረሳልህም፣ ከዛ በኋላ ፓሲፊስት ብትሄድም መጨረሻው ይበላሻል።


ቀዩ_ጆይስቲክ፦

አውቃለሁ ማሪቱ፣ ለማየት ያህል ብቻ ነው እኮ። እኔ ደስ ብሎኝ አይደለም ማደርገው፣ እየከፋኝ ነው፣ ከሱ ምለየው በዛ ነው።


ማታ_ፈረቃ፦

ከፍቶህም ሳይከፋህም ቶሪኤል ያው ትሞታለች።


በቃ_ገባኝ፦

ቶሪኤል ያቺ ፓይ ምትጋግረው ናት??? አሁን ነው ያወረድኩት፣ ገና እጄን ይዛ እያሻገረችኝ ነው እኮ። ወጣሁ ከዚህ ቤት።